እጣ አሳ ይጠብቃል ወይ?

ሁዳዴ ገብቶ የአሳ ዋጋ ሲንር ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ሰዎች አሳን ከመጥፋት ምን ይጠብቀዋል ብለው ተከራከሩ። አንደኛው መምህር፣ ሁለተኛው የአሳ ሀብት ባለሙያ፣ ሦስተኛው የጀማን ወንዝ እያዩ ያደጉ የመርሐቤቴ አዛውንት ናቸው። (በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩት።)

መምህሩ ከቱርክ ተነሣ። አላንያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ መቶ ገደማ አስጋሪዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ በትንንሽ ጀልባ መረብ ይጥሉ ነበር። ጥሩ ቦታ ለመያዝ በሚደረግ ሽሚያ እስከ መደባደብ ደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዘዴ ጀመሩ፤ እስኪስተካከልም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ጥናት ሲደረግበት እንዲህ ነበር፦ በየዓመቱ መስከረም ላይ የአስጋሪዎቹ ስም ይመዘገባል፣ የማስገሪያ ቦታዎቹም በየስማቸው ይዘረዘራሉ። የአንዱ መረብ የጎረቤቱን አሳ እንዳይዘጋ በቦታዎቹ መካከል በቂ ርቀት አለ። ከዚያ እጣ ይወጣል። እስከ ጥር ድረስ ሁሉም በየቀኑ አንድ ቦታ ወደ ምሥራቅ ይሸጋገራል፤ ከጥር ወዲያ ወደ ምዕራብ። አሳው በዳርቻው ሽቅብ ቁልቁል ስለሚጓዝ እንዲህ ካልዞሩ ዕድሉ አይዳረስም።

«ይህን ያጠናው ፊክሬት በርክስ የሚባል ተመራማሪ ነው» አለ መምህሩ። «ኤሊኖር ኦስትሮምም ጠቅሳዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው። ሰው የጋራ ሀብቱን ያለ ዘበኛ መጠበቅ ይችላል።»

ባለሙያው አላስጨረሰውም። «ወንድሜ፣ እጣው ያስታረቀው ሰዎቹን ነው። አሳውን ማን ቆጠረው? በሰላም ተራ እየጠበቁም ሊጨርሱት ይችላሉ።» ጣናን አነሣ። በ1978 ዓ.ም ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ ነጭ አሳው ክፉኛ ቀንሷል። ከነጭ አሳ ዝርያዎች ከፊሉ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ስለሚወጣ በወንዞቹ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፤ መረቡም እዚያው ይዘረጋል። «የመረቡን ዓይን አስፋ ይሉሃል። ዓይኑ ሲሰፋ ታዳጊው ያልፋል፣ እውነት ነው። ወንዝ አፍ ላይ ግን የምትመጣው እንቁላል የሞላት ትልቋ ናት፤ ሰፊው ዓይን የሚይዘውም እሷኑ ነው። ስለዚህ መፍትሔው በመራቢያ ወቅት መዝጋት ነው፣ አበቃ።»

አዛውንቱ ሁለቱንም ሲሰሙ ቆይተው፣ «እኛ ዘንድ መረቡስ የት አለና?» አሉ። በበጋ ጀማ ሲጎድል አሳው በየጥልቁ ኩሬ ይከማቻል። ያኔ ብርብራ የሚባለውን ዛፍ የደረቀ ፍሬ ወቅጦ ዱቄቱን መበተን ነው። ትንሽ ቆይቶ አሳው እየተንገዳገደ ወደ ላይ ይወጣል። «ሰውየው ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል፤ ጫጩቱ እዚያው ነጥቶ ይቀራል።»

«ጋሼ፣ ማን እንደሚያደርገው አይታወቅም?» ሲል መምህሩ ጠየቃቸው።

«እንዴት አይታወቅም! ግን ወንዙ የማን ነው ብዬ ልክሰሰው?»

ለእኔ የክርክሩ ቁልፍ ይህችው መልስ ናት። ብርብራ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለው፤ አሳው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ እያለ ኦክስጅኑን መጠቀም ያቅተዋል፤ ትንሽ ትልቅ አይልም፣ አሳው የሚመገባቸውን የውሃ ነፍሳት ሳይቀር ይፈጃል። ከየትኛውም ጠባብ መረብ የከፋ ነው።

ባለሙያው አሳው አልተቆጠረም ማለቱ ልክ ነው፤ የአላንያ ደንብ የቦታ ደንብ እንጂ የመጠን ደንብ አይደለም። ነገር ግን «መዝጋት ነው፣ አበቃ» ያለው ላይ ተሳስቷል። ጀማ ገደል ውስጥ ወርዶ የሚጠብቅ ዘበኛ የትም አይገኝም። አላንያ ላይ ቦታህ ተይዞ ካገኘኸው ያን ዕለት ታውቃለህ፤ ነገ በእነሱም ላይ ሊደርስ ስለሚችል ሌሎቹ ካንተ ጋር ይቆማሉ፤ ጠቡም አብዛኛውን ጊዜ ቡና በሚጠጡበት ቤት ያልቃል። ዝርዝሩ ደግሞ ከንቲባውና ጸጥታ አስከባሪው ዘንድ ይቀመጥ ነበር። መምህሩ «ያለ ዘበኛ» ሲል ይህችን ዘሏታል፤ መንግሥት ከጀርባ ነበረ።

ስለዚህ ከአላንያ መወሰድ ያለበት እጣው አይመስለኝም። የጀማ ኩሬ ክረምት በመጣ ቁጥር በጎርፍ ይደባለቃል፣ በየቀኑ የሚዞሩበት ቋሚ ቦታም የለውም። የሚወሰደው ባለቤትነቱ ነው፦ ይህ ኩሬ የዚህ መንደር ነው፣ በመንጠቆ ማስገር ይቻላል፣ ብርብራ የበተነ በሽማግሌ ይዳኛል፣ ውሳኔው ወረዳው ዘንድ ይመዘገባል። ወዲህ ማዶ መርሐቤቴ ወዲያ ማዶ ሞረት ስለሆነ አንዱ ዳር ብቻውን ቢስማማ ዋጋ የለውም። በበጋ ኩሬዎቹ ከተረፉ ሐምሌ ላይ ወደ ገባሮቹ የሚወጣ አሳ ይኖራል፤ የባለሙያው እገዳም ያኔ የሚጠብቀው ነገር ያገኛል።