የቼንሶ ካርቡራተር በጩኸት አይስተካከልም

ከሱሉልታ እስከ ቡራዩና ሆለታ ድረስ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ፣ አጣናና ቋሚ እያወጣ የሚተዳደር ሰው ሁሉ ይህን ብሶት ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። ቼንሶው፣ ማለትም ግንድ መቁረጫው የሞተር መጋዝ፣ ጉልበት ሲያንሰው ባለቤቱ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ መካኒኩ ካቻቢቴውን አንስቶ የካርቡራተሩን፣ ማለትም የነዳጅና የአየር መቀየጫውን፣ ብሎን ያዞራል፤ ሞተሩ ጆሮ እስኪበሳ ይጮኻል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ብዙም ሳይቆይ ያው ሞተር ይነክሳል፤ ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ምክንያት ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ይህ መልስ መርሮኛል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ማሽኑን የገደለው ዕቃው ሳይሆን ያ ብሎን ነው።

የቼንሶ ሞተር ባለሁለት ምት ነው። ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀይጦ ይገባል እንጂ ለብቻው የተቀመጠለት ቋት የለም፤ በጎን በኩል የሚሞላው ዘይት የሰንሰለቱ ነው። ስለዚህ «ኤች» የሚል ምልክት ያለበትን የከፍተኛ ዙር ብሎን ወደ ቀኝ ባጠበቅነው ቁጥር የሚቀንሰው ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ቅባቱም ጭምር ነው። ነዳጁ ሲሳሳ ዙሩ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ በዚያው ልክ ዘይቱ ያንሳል። ሰው ሁሉ «አሁን ተስተካከለ» የሚለው ቀጭን ጩኸት ሞተሩ ሊቃጠል መቃረቡን የሚናገር ድምፅ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ጉዳዩን የሚያወሳስበው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተራው ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፣ የሚሰጠውን ነዳጅ በዚያው ልክ አይቀንስም። በዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ማሽን እዚህ ሲመጣ ነዳጅ የሚበዛበት፣ የሚያጨሰውና ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰው) በጥላሸት የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። ብሎኑን በመጠኑ ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ እንዲያውም ተገቢ ነው። ነገር ግን አየሩ ስለሳሳ የቀረውን ጉልበት የትኛውም ብሎን አይመልሰውም። እዚህ ላይ ነው ባለቤቱም መካኒኩም የሚሳሳቱት፦ ሊመለስ የማይችለውን ጉልበት ፍለጋ ብሎኑን ደጋግመው ያጠብቃሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ እዚህ ደጋ ላይ የተጠበቀውን ማሽን ብሎኑን ሳይነኩ ጭነው ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ሸለቆ ለሥራ መውረዳቸው ነው። ቆላው ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሰዋል፣ ፀሐዩ ይጨመርበታል፤ ሞተሩ ምን ይሁን?

በቅርቡ የእኔን ቼንሶ ጭስ ማውጫ አስፈትቼ ፒስቶኑን በቀዳዳው ተመለከትሁ። በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ፊቱ ከላይ እስከ ታች በጥፍር የተቧጨረ መስሎ ተልጧል፤ ፋሻውም (የፒስቶኑ ቀለበት) ከቦታው ተጣብቆ አልላወስ ብሏል። ካንዴላው እንደ ደረቀ አጥንት ነጭ ሆኗል፤ ጤነኛ ሞተር ቢሆን ቡናማ ይሆን ነበር። ይህን ለመካኒኩ ሳሳየው «ጋሼ፣ እኔ ስሰጥዎት ድምጿን ሰምተው አልነበር? ነፍስ ዘርታ ነው የሄደችው» አለኝ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፣ እጁም ቀልጣፋ ነው። ነገር ግን ዙር የሚለካ መሣሪያ የለውም፤ የማሽኑን መመሪያ አይቶት አያውቅም፤ ብሎኑ ከመጠን በላይ እንዳይዞር ፋብሪካው ያደረገበትን ገዳቢ ቆብ በፒንሳ ነቅሎ ጥሎታል። እኔን የሚያናድደኝ ሰው ሳይማር እጁን በሰው ንብረት ላይ እንዲለማመድ ሁላችንም መፍቀዳችን ነው።

ትክክለኛው አሠራር የተሰወረ ምስጢር አይደለም። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይጸዳል፣ ሰንሰለቱ ይወጠራል፣ ሞተሩ ይሞቃል፤ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚደረግ ማስተካከል ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ «ኤል» የሚለው የዝቅተኛ ዙር ብሎን ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው በራሱ ሲዞር) ከሁሉ ፈጥኖ የሚዞርበት ቦታ ላይ ከደረሰ በኋላ በጥቂቱ ወደ ግራ ይላላል፤ ቤንዚን ሲሰጠው ሳያመነታ መነሣት አለበት። ቀጥሎ ሚኒሞው ሰንሰለቱ ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ዝቅ ይደረጋል፤ ሳይነኩት የሚዞር ሰንሰለት እግር ይቆርጣል። «ኤች» በመጨረሻ ይመጣል። ያለ ሥራ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ ሰንሰለቱ ግንድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መንተባተቡ ጠፍቶ ድምፁ ይጠራል። ግንድ ሳይነካ የጠራ ድምፅ ካለው ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው፤ ወዲያው ወደ ግራ መላላት አለበት። ይህም ቢሆን ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ እንጂ ሞተሩን እያስጮኹ የሚቆዩበት አይደለም። የብዙ ማሽኖች የዙር ጣሪያ ከ12,000 እስከ 14,000 በደቂቃ ስለሆነ፣ ጆሮ ብቻውን በዚያ ፍጥነት ልዩነቱን አይለይም፤ መለኪያው ያስፈልጋል።

ከዚያም በላይ፣ ወደ ጥገና ቤት ከሚሄዱት ቼንሶዎች ብዙዎቹ የካርቡራተር ችግር የለባቸውም። የሚወጣውን ሰጋቱራ መመልከት ብቻ በቂ ነው፤ የተሳለ ሰንሰለት እንደ ቅርፊት ያለ ፍርፋሪ ሲያወጣ የዶለዶመው ዱቄት ያቦናል። ባለቤቱ ሞረድ ማንሳት ሲገባው «ጉልበት የለውም» ይላል። በበጋ አቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ በታንከሩ ውስጥ የቆሸሸ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር መግባት ሲገባው በቆርኪ በግምት የሚጨመር ዘይት፣ እነዚህ ሁሉ ሳይታዩ ብሎኑ ይዞራል።

ማሽኑን ለጥገና የምትሰጡ ወገኖቼ፣ መካኒኩ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ማጣሪያውንና ካንዴላውን አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ የብሎኑ የቀድሞ ቦታም በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ሲጨርስም ሜዳ ላይ አስጩሆ አያስረክባችሁ፣ ግንድ ቆርጦ ያሳያችሁ። መካኒኮችም፣ ከደንበኛ በምትቀበሉት ገንዘብ ላይ ተረዳድታችሁ አንድ የዙር መለኪያ ግዙ፤ የአንድ ሲሊንደርና ፒስቶን ዋጋ ለምስኪን እንጨት ቆራጭ የወራት እንጀራ ነው።