የሚራመዱ ችካሎች

ጎጃም ውስጥ መንገድ አይሠራብን የሚል ቀበሌ የለም። በእኔ ማሳ ይለፍ የሚል ገበሬም የለም። የቀበሌያችን ምክር ቤት እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ነው።

ሰውም አይፈረድበትም። የቢቸናን ዋልካ በሐምሌ የረገጠ ያውቀዋል፤ ማኛ ጤፍ የሚሰጥ አፈር ጫማ ውጦ እግር ብቻ ይመልሳል። የእኛም ከዚያው ነው። ምጥ የያዛት በቃሬዛ፣ መምህሩ ሱሪውን ሰብስቦ በባዶ እግሩ ነበር አስፋልት የሚደርሱት። በ2003 ዓ.ም. ዩራፕ የሚሉት የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ላገናኝ ብሎ ሲነሣ እኛም ተራ ያዝን። ተራ እንደሚያስረጅ ያኔ ማን ነገረን!

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ምክር ቤታችን እውነትም በቂ አለው፤ እጅ ያወጣል፣ መዋጮ ይጥላል፣ አካፋና ዶማ አስይዞ ሕዝብ ያስወጣል። ግሬደሩ ግን ወረዳ ነው። ናፍጣው ዞን ነው። ፈራሚው ስብሰባ ነው።

ኋላ ቀያሾች መጥተው ችካል ተከሉ። የዚያን ዕለት ማታ ቀበሌው አልተኛም። አንዱ ችካሉ ባለፈበት መስመር ባሕር ዛፍ ሲተክል አደረ፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በላዩ ላለው ንብረት ካሳ እንዳለ ሰምቷል። ጠዋት ቆጣሪ ሲመጣ ችግኙ ገና ከነፕላስቲኩ ነበር። የምክር ቤት አባሉ ጎረቤቱ ደግሞ «ልማትማ ልማት ነው፤ ብቻ በጤፌ ላይ ባያለማ» እያለ ሽማግሌ ይሰበስባል።

በሦስተኛው ቀን ችካሎቹ የአባሉን ጤፍ ዘለው፣ የሊቀ መንበሩን አማች ጓሮ ዞረው እማሆይ ማሳ ላይ ተገኙ። እማሆይ ምክር ቤት ውስጥ ዘመድ የላቸውም። ነጠላቸውን አደግድገው ስብሰባው ላይ ቆሙና፣

«ልጆቼ፣ ሰባ ዓመት ኖሬ እንጨት ሲራመድ ያየሁት ዘንድሮ ነው» አሉ።

ሊቀ መንበሩ አቀርቅሮ ቃለ ጉባኤው ላይ «አስተያየት ተሰጥቷል» ብሎ ጻፈ።

መንገዱ ተሠርቷል፤ ውሸት አልናገርም። በቀደም በባጃጅ ስሄድበት ከተማ ያደገው ሾፌር ሰባተኛውን ጥምዝ ሲታጠፍ፣

«የኔታ፣ ይሄን የቀየሰው ሰውዬ ሰክሮ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አልሰከረም» አልኩት፤ «ዘመድ በዝቶበት ነው።»