ኮልባክ በኮልባክ ውስጥ
ደብረ ብርሃን ላይ፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ሌሊት፣ ለአንድ እህል ነጋዴ የዋጋ ማሳያ ገጽ እየሠራሁ ነበር። የያዝኩት የጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ፣ መልስ የሚሰጠው በኮልባክ ብቻ ነው፤ ኮልባክ ማለት መልሱ ሲመጣ እንዲጠራ አስቀድሜ የምሰጠው የኮድ ቁራጭ ነው። የገብስ ዋጋ ለማምጣት መጀመሪያ የመግቢያ ፈቃድ፣ በእሱ ውስጥ የገበያዎቹ ዝርዝር፣ በዚያም ውስጥ ዋጋው! ኮዱ ወደ ቀኝ እየሰመጠ ከስክሪኑ ሊወጣ ደረሰ። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ደግሞ ስህተቱን በየደረጃው ካልያዝኩት ደብዛው ይጠፋል። ከውጭ የጠቀለልኩት ትራይ ካች (ስህተት የሚይዘው የኮድ ክፍል) አንዱንም አይዝልኝም፤ ኮልባኩ በሚጠራበት ሰዓት እሱ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ፕሮሚስ (ገና የሚመጣን መልስ የሚወክል ነገር) እኮ በፈረንጆቹ 2015፣ አሲንክ አዌይት (ያንን መልስ እየጠበቁ ኮዱን በተራ መስመር ለመጻፍ የሚያስችለው አጻጻፍ) በ2017 የቋንቋው አካል ሆነዋል! ታዲያ የላይብረሪው ሠሪዎች ይህን ሁሉ ዓመት ምን ይጠብቃሉ? እያንዳንዱን ጥሪ በራሴ እጅ በፕሮሚስ ስጠቀልል ነጋብኝ።