የጃንዋሪ 1 ልጆች

ፈረንጅ ልደቱን ይወዳል። ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ቀኑን ከማን ጋር እንደሚጋራ አጥንቶ መያዙ ነው። «እኔ እኮ ከኤልቪስ ጋር ነኝ» ይልሃል፣ አንድ ክፍል አብረው የተማሩ ይመስል። ጃንዋሪ 8 መወለዱ ነው። ሌላው ቀበል አድርጎ «ስቴፈን ሆኪንግም የዚያ ቀን ነው» ይላል። ልክ ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1935፣ ሆኪንግ በ1942 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ነው የተወለዱት። እንግዲህ ዘፈንና ፊዚክስ ምን እንደሚያገናኛቸው እነሱ ይወቁት።

የዚህ ጨዋታ ቁንጮ ግን ሊንከንና ዳርዊን ናቸው። የአንድ ቀን ብቻ ሳይሆኑ የአንድ ዓመትም ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ተወለዱ። ሊንከን ኬንታኪ ውስጥ ከግንድ በተሠራች ጎጆ፣ ዳርዊን እንግሊዝ አገር ሽሩስበሪ ከተማ በሀብታም ሐኪም ቤት። ሁለቱም ባርነትን ይጠሉ ነበር። ይሄን ሲሰማ «አቤት የፈጣሪ ሥራ!» የማይል ሰው የለም።

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ግን ወሬውን ያበላሽብሃል። አንድ ክፍል ውስጥ 23 ሰው ካለ፣ ቢያንስ ሁለቱ ልደት የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። 23 ሰው ሁለት ሁለት እየተደረገ ሲጣመር 253 ጥንድ ይወጣዋላ! 70 ሰው ከሆኑማ ዕድሉ ከመቶ 99.9 ይደርሳል። በታሪክ ስንት ሺህ ታዋቂ ሰው አለ? ተአምር የሚሆነው አንድም ባይገጣጠም ነበር።

ለእኛ ሰው ግን 23ም አያስፈልግም። ከአንድ የሀበሻ ምግብ ቤት አምስት ስድስት ጎልማሳ ጥራና መታወቂያቸውን አስወጣ። ሁለቱ ጃንዋሪ 1 ካልሆኑ ምሳውን እኔ እከፍላለሁ።

እዚህ አሜሪካ የምሠራበት ቦታ የየወሩ ልደተኞች ስም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ኬክም ይቆረጣል። በሌላው ወር ዝርዝሩ አጭር ነው። ጃንዋሪ ሲመጣ ግን ሀበሻው፣ ሶማሌው፣ ሱዳኑ፣ አፍጋኑ ተደርድሮ ወረቀቱ አይበቃም። ከየስሙ ፊት የተጻፈው ደግሞ ያው አንድ ቀን ነው። ኬክ የምታዘው ሴትዮ መጀመሪያ ሰሞን ሲስተሙ የተበላሸ መስሏት ነበር አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስደተኛው ፎርም ሲሞላ ዓመቱን በግምት ይናገራል። ወሩንና ቀኑን ካላወቀው፣ ፎርሙ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድምና፣ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቀውም ሰባት ይደመር ስምንት ሲባል እዚያው ግራ ይጋባል። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማን ያነሳዋል? መንጃ ፈቃዱ፣ ዜግነቱ፣ ጡረታው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይሄዳል።

ቀኑ ግን ሰው አልጎደለውም። ዘመናዊውን ኦሊምፒክ ያቋቋመው ፒየር ደ ኩበርቲን ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ፓሪስ ነው የተወለደው። ኤፍ ቢ አይን ለአሥርት ዓመታት እንደ ግል ርስቱ የገዛው ኤድጋር ሁቨርም የዚያው ቀን ልጅ ነው፤ 1895። ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ ይብሳል። ለሠላሳ ዓመት የገዛው ኦማር አልበሽር ልደቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1944 ተብሎ ተመዝግቧል። እሱ ከወረደ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ውስጥ ይሠራ የነበረው አብደላ ሃምዶክስ? ጃንዋሪ 1 ቀን 1956። የሱዳን ነፃነት የታወጀበትም ዕለት ነው። ሱዳኖች ራሳቸው ይቀልዱበታል፤ አገሩ በሙሉ በአንድ ሌሊት የተወለደ ነው የሚመስለው።

አንዳንዴ ለአገሬ ሰው ላስተረጉም ክሊኒክ እሄዳለሁ። እዚያ በየበሩ የትውልድ ቀን ይጠየቃል። አንድ ቀን አንዲት እናት ይዤ ገባሁ።

«እማማ፣ ነርሷ የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ ትላለች» አልኳቸው።

«የቱን ልስጣት ልጄ? የወረቀቱን ነው የእናቴን?»

«የወረቀቱን።»

«ጃንዋሪ አንድ በላት።»

«የእናትዎስ?»

«እናቴማ የጥቅምት ጊዮርጊስ ማግስት፣ ጤፉ ሳይታጨድ ነው የምትለኝ። ማታ፣ ከብት ከገባ በኋላ። ጣልያን የወጣ ሰሞን ነው።»

ነርሷ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ጃንዋሪ 1 አልኳት። ጻፈች።

አሁን እማማን ልደታቸውን አያውቁም ማለት ይቻላል? ከብዙዎቻችን በላይ ያውቁታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእርሻውን ሁኔታ ሳይቀር ያውቃሉ። የጎደላቸው አንድ ቁጥር ነው። አገር ቤት ሰው ልደቱን የሚጋራው ከፊልም ተዋናይ ጋር አልነበረም። በ12 የተወለደ የሚካኤል፣ በ19 የገብርኤል፣ በ21 የማርያም ነው። ዓመቱ ደግሞ በክፉም በደጉም ይያዛል፤ የኅዳር በሽታ፣ አብዮቱ፣ የሰባ ሰባት ድርቅ። በነገራችን ላይ ጃንዋሪ 1 በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ነው የሚውለው። ፎርም ሞይው ሳያውቀው ሕዝቡን ሁሉ የጊዮርጊስ ልጅ አድርጎት አረፈ።

ይሄን ስል ወረቀት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ወረቀት የሌለው ልጅ ዕድሜው የደላላ መጫወቻ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሚላኩ ስንት ልጆች ናቸው ሳይደርሱ «ደርሰዋል» ተብሎ ዓመት የተጨመረላቸው! ወሳኝ ኩነት የሚባለው ምዝገባ አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ዘግይቷል፣ በጣም ዘግይቷል።

ልደት ማክበሩ ግን አልዘገየም። አዲስ አበባ የአንድ ዓመት ሕፃን ልደት ተጠርቼ ነበር። አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ፊኛ፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ። አሜሪካ እንዲህ ዓይነቱን በሠርግ ነው የማየው። አያትየው ፊት ለፊት ተቀምጠው «ይሄ ሁሉ ለዚህች ጉዲት ነው?» ይላሉ። እሳቸው ኬክ ተቆርጦላቸው አያውቅም። ደስ ብሏቸው ነበር ግን።

እና ፈረንጁም ቢሆን ቀኑ የረጋ እንዳይመስላችሁ። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲወለድ የነበረው ቀን ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በ1752 ካላንደር ሲቀይሩ ወደ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ተዛወረ። ዓመቱ ጭምር የተቀየረው የድሮው የእንግሊዞች አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች ስለነበር ነው። ዛሬ ደግሞ ልደቱ የሚከበረው በፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ነው። ሦስተኛ ሰኞ ከ15 እስከ 21 ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ይህ ደንብ ከጸናበት ከ1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሰውዬው ልደት በልደቱ ቀን ውሎ አያውቅም። እኛ «በእናንተ ስንት ነው?» እየተባልን ስንሳቀቅ የኖርነው በከንቱ ነው።

ከእኛ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እኔ የምወደው አበበ ቢቂላ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም፣ የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት ተወለደ። በፈረንጅ ኦገስት 7 ቀን 1932 ነው። በዚያው ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር፤ ያሸነፈው አርጀንቲናዊው ዛባላ ነው። ከ28 ዓመት በኋላ ልጁ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ወጣ። ሒሳቡን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፣ ግጥምጥሞሽ ነው። ይሄን ግን ለኔ እንዳትነኩብኝ።

ጥላሁን ገሠሠም አለ። የተወለደው በመስቀል ቀን፣ መስከረም 17 ቀን 1933፤ ያረፈው በፋሲካ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001። ፈረንጅ ቢሆን ሴፕቴምበር 27 ነውና «ከራፐሩ ሊል ዌይን ጋር ነው» ይለው ነበር። የአገሬ ሰው ግን መስቀልና ፋሲካ ብሎ ነው የያዘው። የትኛው እንደሚሻል አልከራከርም፤ እኔ ከመስቀሉ ጋር ነኝ።

በየዓመቱ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ግን ነሐሴ 12 ነው። ዓፄ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም አንጎለላ ነው። የእቴጌ ጣይቱም ልደት ነሐሴ 12 ነው ተብሎ ባልና ሚስቱ አንድ ላይ ይከበርላቸዋል። የጣይቱ ዓመት ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ አንዱ 1832 ይላል፣ ሌላው አሥር ዓመት ያህል ወዲህ ያመጣዋል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል መሆኑን ሳስብ ግን 12ቱን ለመቀበል ልቤ ያዳላል።

እዚህ ያለነው ደግሞ በፈረንጁ እንፈልገዋለን። የምኒልክ ቀን በዚያን ዘመን ኦገስት 17 ቀን 1844 ነበር። በኦገስት 17 ሌላ ማን ተወለደ? ማርከስ ጋርቬይ! ጃማይካ፣ ሴንት አንስ ቤይ፣ 1887። ዓድዋ ላይ ጣልያን ሲሸነፍ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አድጎ የዓለምን ጥቁር ሕዝብ ዓይን ወደ ኢትዮጵያ ያዞረው እሱ ነው። ከዚህ የበለጠ የልደት ጓደኛ ለምኒልክ ከየት ይመጣል?

ችግሩ ዛሬ ነሐሴ 12 የሚውለው ኦገስት 18 ላይ መሆኑ ነው። 1900 እ.ኤ.አ. ላይ ፈረንጆቹ የሠግር ዓመቱን ቀን፣ ፌብሩዋሪ 29ን፣ ሲዘሉ እኛ ስላልዘለልን አንድ ቀን ተንሸራተናል። ስለዚህ በኦገስት 17 «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ የሚለጥፍ አለ፣ በማግስቱ «ቀኑ እኮ ዛሬ ነው» ብሎ የሚያርም አለ፣ ሁለቱም ይሰዳደባሉ። እኔ 17ን ለጋርቬይ፣ 18ን ለእምዬ ሰጥቼ ሁለቱንም ቀን ቡና አፈላለሁ።