ዘንዶ የማይመጣበት ስካይሪም፦ ያለቀ ጌም እንዴት ይደገማል?

ስካይሪም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ለገበያ የቀረበ ምናባዊ የጀብዱ ጌም ነው። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ከጨረሰው በኋላ ደግሞ ይጀምረዋል፤ ደግሞ የጀመረውን ግን መካከል ላይ ይተወዋል። መፍትሔው ምን ይሁን በሚለው የማይስማሙ ሁለት ወዳጆች፣ አንዷ ከአራት ኪሎ አንዱ ከፒያሳ፣ ሐሳባቸውን በጽሑፍ ተለዋውጠዋል። እርሷ ተጫዋቹ በራሱ ላይ ገደብ ይጣል ትላለች፤ እርሱ ገደቡን ትቶ ያልሄደበትን መንገድ ይፈልግ ይላል።

የአራት ኪሎዋ፦

ስካይሪምን ደግሞ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው መልኩን ነው። ባለፈው ኖርድ (የአገሩ ተወላጅ ሰው) የነበረው አሁን ድመት መሳዩን ካጂት ይመርጣል፤ መጥረቢያ ይዞ የዞረው አስማተኛ ልሁን ይላል። ጌሙ ሲጀመር ዘንዶ ከሚያቃጥላት ከሄልገን አምልጦ ኋይትረን ከተማ እስኪደርስ ቃሉን ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ደህና ቀስት እጁ ይገባል። ጎንበስ ብሎ ከጨለማ ይወረውራል፤ ሽፍታው ማን እንደመታው ሳያውቅ ይወድቃል። ከዚህ በኋላ ካጂት ሆነ ኖርድ ልዩነት የለውም፤ ተደብቆ የሚወጋው የቀድሞው ቀስተኛ ተመልሷል።

ይህን በተጫዋቹ ድክመት አላሳብብም። ጌሙ የተሠራው እንዲህ ነው። 18ቱም ክህሎቶች ለማንኛውም ገጸ ባሕርይ ክፍት ናቸው። ሳይታዩ የወረወሩት ፍላጻ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ በስውርነት ክህሎት ሥር የሚገኝ አንድ ማሻሻያ ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ሁሉም ነገር ሲፈቀድ ሰው ሁሉ ቀላሉን ይመርጣል።

እኔ ስለዚህ ገና ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ እመልሳለሁ፦ ይህች ሴት ምን አታደርግም? ባለፈው ክረምት የተጫወትኳት አዳኝ ነበረች። ሪቨርዉድ በተባለች መንደር ትኖራለች፣ ቆዳ ትሸጣለች፣ የሹማምንት ጉዳይ አያገባትም። ስለዚህ የዘንዶውን ወሬ ለኋይትረን ገዥ አላደረሰችም። ትንሽ የሚመስለው ይህ ውሳኔ አገሩን በሙሉ ይለውጠዋል፤ ዘንዶዎች በየሜዳው መውረድ የሚጀምሩት ከኋይትረን በስተ ምዕራብ ባለው የጥበቃ ግንብ የመጀመሪያው ከተገደለ በኋላ ነውና። ገዥው ዘንድ ላልሄደ ሰው ሰማዩ ሰላም ነው። ዘንዶ በሌለበት አገር ድብ ትልቅ ነገር ይሆናል። አንድ የአጋዘን ቆዳ ይዞ በሰላም መንደር መግባት ደስ ያሰኛል።

ሁለተኛው ሕጌ በካርታ መዝለልን፣ ማለትም ካርታው ላይ ቦታ መርጦ ወዲያው እዚያ መገኘትን፣ ይከለክላል። የተፈቀደው እግር፣ ፈረስ፣ ወይም በአምስቱ ታላላቅ ከተሞች በር ላይ የሚቆመው ጋሪ ነው። ከዊንድሄልም ወደ ሪፍተን በእግሩ የወረደ ሰው በመካከሉ እንፋሎት የሚያወጡ ኩሬዎች የሞሉበት ሜዳ ያገኛል። ከተማችን ራሷ በፍል ውኃ ምክንያት የተቆረቆረች በመሆኗ ይመስለኛል፣ እዚያ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። በካርታ ለሚዘል ሰው ያ ሜዳ የለም። ሦስተኛው ሕጌ ደግሞ ሴቭ የማደርገው (የደረስኩበትን የማስቀምጠው) ገጸ ባሕርይዋ አልጋ አግኝታ ስትተኛ ብቻ ነው የሚለው ነው። አንድ ውጊያ መግባትና አለመግባት በቁም ነገር የሚታሰብበት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

የፒያሳው፦

እህቴ፣ ስለ ቀስተኛው የጻፍሽው አንድም ስሕተት የለበትም። አዳኟንም ወድጃታለሁ። ነገር ግን ሕጎችሽን የሚጠብቅ ማን አለ? ቀስቱ ከረጢትሽ ውስጥ ነው፤ ካርታው በአንድ ቁልፍ ይከፈታል። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው በመጀመሪያው አስቸጋሪ ውጊያ ሕጉን ይጥሳል፤ ከጣሰ በኋላ ጌሙም ያስጠላዋል፤ ራሱንም ይወቅሳል። ለመዝናናት የተቀመጠ ሰው ለምን ወቀሳ ይዞ ይነሣል?

ስለ ሴቭ ያወጣሽውን ሕግ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ መብራት ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል። አልጋ ፍለጋ አንድ ሰዓት የተጓዘ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ጨለማ ቢሆንበት የጠፋው የምሽት ዕረፍቱ ነው። ያ ኪሳራ ከገጸ ባሕርይዋ ድፍረት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ገበጣን አስቢ። ጉድጓዱ ያው ነው፣ ጠጠሩ ያው ነው፤ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ይጫወተዋል። የማያሰለቸው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ሰው ስለሚለዋወጥ ነው። ስካይሪም ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው የለም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ሜዳው ነው።

ሜዳውን የምለውጠው የማውቀውን በመዝለል ነው። ጌም መድገም ማለት ከሄልገን ጀምሮ ሁሉንም ማገላበጥ ማለት አይደለም። በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ባለፈው ከኢምፓየሩ ጋር ከተሰለፍኩ አሁን ከዓመፀኞቹ ከስቶርምክሎክ ጋር እሰለፋለሁ። ጨለማው ወንድማማችነት የተባለው የነፍሰ ገዳዮች ማኅበር አስትሪድን ልኮ በአንዲት ጎጆ ከሦስት እስረኞች አንዱን ግደል ሲያሰኘኝ፣ ባለፈው እስረኛ ከገደልኩ አሁን ራሷን አስትሪድን እገድላለሁ። ያን ጊዜ ማኅበሩን የማጥፋት ተልእኮ ይከፈታል። ብዙ ሰው ጌሙን ጨርሶ ይህን በር አላየውም። ጌሙ እስረኛ ሆኖ በጋሪ ላይ የሚጀመርበትን መግቢያ የሰለቸ ሰው ደግሞ «ላይቭ አናዘር ላይፍ» የተባለውን ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩትን ማሻሻያ፣ ይጫን። ከእስር ክፍል ውስጥ ሆኖ በሐውልት ፊት ሕይወቱን ይመርጣል፤ በመርከብ የመጣ መንገደኛ፣ ጫካ ውስጥ ያደረ፣ ተዘርፎ ለሞት የተተወ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደስ ያለኝ ድረስ እጫወታለሁ፤ ሲበቃኝ አቆማለሁ። መጨረሻውን አውቀዋለሁና መድረስ ግዴታዬ አይደለም።

የአራት ኪሎዋ፦

የመብራቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ መብራት በሚሄድበት ቤት የሴቭ ሕግ ይላላ፣ ሞት ሲመጣ ብቻ ወደ ኋላ አለመመለስ ይበቃል። ሌላውን ግን አልለቅም።

አስትሪድን መግደል አዲስ መንገድ ነው ብለሃል። ወንድሜ፣ እርሱ እኮ የማኅበሩን ተልእኮ በሙሉ መተው ነው! አንተ ራስህ ገደብ ጥለህ፣ ገደቡ ጣፍጦህ፣ ስሙን ብቻ ቀየርክ። ነፍሰ ገዳይ አልሆንም ያለ ሰው ነው ያንን በር ያገኘው።

ሰውየው ሳይለወጥ መንገዱን ብቻ መለወጥ የት እንደሚያደርስ ደግሞ የዊንተርሆልድ ኮሌጅ ያሳያል። በጎራዴ ብቻ የኖረ ሰው ጥቂት ድግምት ወርውሮ የአስማተኞቹ አለቃ ይሆናል። በዚያው ሰሞን የሌቦቹ አለቃ፣ የጦረኞቹም አለቃ ነው። ሁሉን በር የከፈተ ሰው የትኛውም ቤት የእርሱ አይሆንም። አዳኟ ኮሌጁን ከሩቅ አይታው ማለፏ ነው ኮሌጁን ትልቅ ያደረገብኝ።

ጠባቂ የለም ላልከው፣ ጌሙ ራሱ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። የጌሙ የራሱ አጨዋወት የሆነው ሰርቫይቫል ሞድ ሲበራ በካርታ መዝለል ይዘጋል፤ ረኃብ፣ ድካምና ብርድ ይመጣሉ፤ ሌቭል የሚጨምረው አልጋ ላይ ሲተኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዝመና ስፔሻል ኤዲሽን የተባለው የጌሙ እትም ላላቸው ሁሉ በነጻ ተሰጥቷል። ባልደርስ ጌት 3 በተባለው ሌላ ጌም ውስጥም በዚያው መንፈስ የተሠራ ኦነር ሞድ አለ፤ ሴቩ አንድ ብቻ ነው፣ ቡድኑ በሙሉ ካለቀ የክብር ጉዞው እዚያው ያበቃል። አንተ የምትመክረው ሞድ ግን በሞባይል ፓኬጅ የሚወርድ ነው። ያ የ2021 ዝመና ሲመጣ ስክሪፕት ኤክስቴንደር በተባለ ረዳት ፕሮግራም የሚሠሩ ሞዶች እስኪስተካከሉ ድረስ ቆመው ነበር። የእኔ ሕግ ዝመና አያፈርሰውም።

ገበጣውን ግን በደንብ አመጣኸው። ፊት ለፊት ማንም ከሌለ፣ ሊለወጥ የሚችል አንድ ወንበር ቀርቷል፤ እርሱም የእኛው ነው።

የፒያሳው፦

ወንበሩ የእኛ ነው፤ ግን ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ስካይሪም ያውቃል? አዳኝሽ ስንት መከራ ችላ ኋይትረን ብትገባ፣ የበሩ ጠባቂ ሌላውን መንገደኛ የሚያናግረውን ያናግራታል። ሕጉን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ይህ ለአንቺ ይበቃሽ ይሆናል፤ እኔ ግን መልስ የሚሰጥ ዓለም እፈልጋለሁ። ባልደርስ ጌት 3 ውስጥ ዳርክ ኧርጅ የተባለውን መነሻ የመረጠ ሰው፣ ግደል ግደል የሚል ደም ይዞ ይወለዳል፤ ጓደኞቹም፣ ታሪኩም፣ ጠላቱም ይህን አውቀው ይመልሱለታል። እዚያ መድገም ማለት ሌላ ታሪክ መስማት ነው። አዎ፣ 150 ጊጋ ባይት ቦታ ይጠይቃል፤ ሁሉም ቤት የሚገባ አይደለም። ለገባለት ሰው ግን በራሱ ላይ ፖሊስ ከመሆን ያድነዋል።

ስለ ሰርቫይቫል ሞድም ልንገርሽ። የመጀመሪያው ምሽት ብርዱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ቆሞ ሾርባ መጠጣት ነው። ያንን ጊዜ ለአንድ ያልታየ ዋሻ ብሰጠው እመርጣለሁ።

የአራት ኪሎዋ፦

ጠባቂው ላያውቃት ይችላል። እኔ አውቃታለሁ፤ ድብ ስታይ ለምን እንደምትሸሽ፣ የማን ገንዘብ እንደማትቀበል አውቃለሁ። በዚህ ሰሞን የጀመርኳት ደግሞ መሣሪያ የማትይዝ ፈዋሽ ናት። ያላት የማከምና ቁጣን የማብረድ አስማት ብቻ ነው። ሽፍታውን ታበርዳለች፣ ተኩላውን ታበርዳለች፤ በመቃብር ውስጥ የሚነሡትን ሙታን ግን ኢሉዥን የተባለው አእምሮን የሚገዛ የአስማት ክህሎቷ 90 ደርሶ አንዱን ማሻሻያ እስክታገኝ ድረስ ልታበርዳቸው አትችልም። እስከዚያ የስካይሪም መቃብሮች ሁሉ ለእርሷ ዝግ ናቸው። ደጋግሜ የገባሁበትን፣ ከሪቨርዉድ በላይ ያለውን ብሊክ ፎልስ መቃብር እንኳ በውጭ በኩል ነው የማልፈው። ዋሻ ፈላጊው ወንድሜ፣ ውስጡን በቃሌ የማውቀውን ያንን በር ምን ያህል እንደናፈቅኩት ባየህ!