«ሰው ፈልጉልኝ» ማለት ይብቃን

የጎንደር ሰው፣ ዛሬ የምናገረው ለባለሥልጣን አይደለም። ለእኛው ለራሳችን ነው።

ልጃችን ወይም ጎረቤታችን ተይዞ ሲወሰድ መጀመሪያ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስልክ እናነሳለን። «ጣቢያ ውስጥ የምታውቀው ሰው አለ?» እንላለን። የአጎት ልጅ ባልደረባ ይሁን፣ የአበልጅ ወንድም ይሁን፣ ብቻ «ሰው» ይገኝ። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ የሚለን ሰው የጠፋ ዕለት ነው።

እኔም ከዚሁ አልወጣሁም። የእህቴ ልጅ የተያዘ ጊዜ አራት ቀን ሙሉ ከአራዳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ማራኪ ተንከራተትኩ። እህቴ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ እኔ ሰው እፈልጋለሁ። በአምስተኛው ቀን አንድ ጠበቃ አገኘሁ። «ልጁ ፍርድ ቤት ቀርቧል?» አሉኝ። አልቀረበም። «እሺ፣ እናንተስ አመልክታችኋል?» አላመለከትንም። የምመልሰው አጣሁ። አቤቱታው ያን ቀን ተጽፎ ገባ። በማግስቱ ልጁ ዳኛ ፊት ቆመ፣ ከዚያም በዋስ ወጣ። አራቱን ቀን ደጅ የጠናሁት ሕጉ ቀድሞ የሰጠኝን ነገር እንዲሰጡኝ ነበር። እህቴ ያንን አራት ሌሊት እንዴት እንዳደረችው ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው የማይቆጠረው። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። ጊዜው አልፎ ዳኛ ፊት ካላቀረቡት ደግሞ ፍርድ ቤቱ አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህ መብቱ ሊጣስ አይችልም። አንቀጽ 21 ቤተሰቡ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊያዩት መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዛ የምትቆም እናት ምጽዋት ጠያቂ አይደለችም።

አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1958 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ላይ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። የታሰረው ሰው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ አስደግፎ ያመለክትለታል። ዳኛው ያሰረውን ክፍል «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ በምን ሕግ እንደያዝከው አስረዳ» ብሎ ይጠራል። ያሰረው ክፍል ማስረዳት ካልቻለ ሰውየው ይለቀቃል። ልብ በሉ፤ የሚያስረዳው ያሰረው ነው። እናት ልጇ ንጹሕ መሆኑን የምታስረዳበት ችሎት አይደለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆኑ ነው የሚገርመኝ። እኛ እኮ «በሕግ አምላክ!» ያልን ሕዝብ ነን። ያ ቃል ሲጠራ የተነሳ ዱላ ይወርድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው አብረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ዳኝነቱ ዋርካ ሥር ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉትም አባቶቻችን ናቸው። እርግጥ የወረስነው ሁሉ መልካም አይደለም። በአፈርሳታ አንድ ሌባ እስኪታወቅ አገር ሙሉ ሰው ይታገት ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያልነውም እኛው ነን። ዛሬ ግን የፋሲል ግቢን ለእንግዳ እያስጎበኘን «የነገሥታት ከተማ» ስንል፣ ካወረሱን ሁሉ መርጠን የያዝነው ይህን የመጨረሻውን ተረት ይመስለኛል።

በቀይ ሽብር ዘመን የጎንደር እናት «የዛሬን ማርልኝ» ብላ ያለቀሰችው ለዳኛ አልነበረም። ለአስተዳዳሪ ነው። ሌላ የምትሄድበት ደጅ አልነበራትም። ሥልጣን ያለው ሰው ከፈለገ ይምራል፣ ካልፈለገ አይምርም፤ የሚጠይቀው የለም። እኛ ግን ደጅ አለን። ደጁ ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ ወረፋም አለው፤ ግን አለ። ደጅ እያለን «ሰው ፈልጉልኝ» ስንል የዚያችን እናት ልቅሶ በገዛ ፈቃዳችን እየደገምን ነው። ዛሬ በሰው ያስፈታኸው ልጅ ነገ በሰው ይታሰራል። ሰው የሌለው የጎረቤትህ ልጅ ደግሞ እዚያው ይቀራል።

ሌላም ጥፋት አለብን፣ ይህኛው ይከፋል። ሰው ሲታሰር «ያለ ነገር አይታሰርም» እንላለን። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ እንፈርዳለን። ሕገ መንግሥቱ ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠር ይላል፤ እኛ ገና መዝገብ ሳይከፈት ጨርሰናል። የታሰረው ሐሳቡን የማንወደው ሰው ከሆነማ «ደግ አደረጉት» የምንል አለን። እባካችሁ፣ ይህ አፍ ይዘጋ። በማትወደው ሰው ላይ የተጣሰው 48 ሰዓት ያንተው 48 ሰዓት ነው።

«አዋጅ ላይ ነን፣ ምን ይደረጋል?» የሚሉኝ አሉ። በሐምሌ 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለተጨማሪ አራት ወር ተራዝሞ በ2016 ጊዜው አብቅቷል። አዋጁ ሲያበቃ በእሱ የታገዱት መብቶች ይመለሳሉ። በአዋጅ ጊዜ የለመድነውን ዝምታ ግን እኛ አልመለስንም።

ፍርድ ቤቱ እንከን የለውም አልልም። ቀጠሮ ይረዝማል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ነገር ግን «ምርመራ አልጨረስኩም» እየተባለ 14 በ14 ላይ ይደራረባል። ዋስትና ተፈቅዶለት ሳይለቀቅ የሚሰነብት ሰውም አለ። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ «ፍርድ ቤት ምን ያመጣል!» ብለን እንተዋለን። አይሆንም። ወደዚያው ችሎት ተመለሱ። «ትእዛዝዎ አልተፈጸመም» ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ መዝገብ ላይ ይስፈር። ዳኛው ያልሰማውን ነገር ሊያስከብር አይችልም። ፖሊስ የለው፣ ጦር የለው፤ ያለው ትእዛዙ ነው።

ችሎት ደግሞ ክፍት ነው። ሕጉ ለይቶ ካልዘጋው በቀር ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ለሰርግ ሥራ የምናስፈቅድ ሰዎች ለጎረቤት ልጅ ቀጠሮ ግማሽ ቀን አንሰጥም። ወንበሩ በሰው ሲሞላ መርማሪውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ዳኛውም ቃላቸውን ይመዝናሉ። ገንዘብ የለንም የምትሉ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እሱንም ጠይቁ።

ዛሬ ማታ ልጁ ያልገባበት ጎረቤት ካላችሁ ሂዱ፣ አጽናኑ። ከማጽናናቱ ጋር ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ በስንት ሰዓት ተያዘ? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። 48ቱ ከዚያ ይቆጠራል።