በረዶው ይቅር፣ ኮብልስቶኑስ?
ስለ መውደቅ ፍርሃት በጻፋችሁት ጽሑፍ ላይ ያነሳችሁትን ባለ 16 ጥያቄ መጠይቅ፣ አዛውንቶች ሳይወድቁ ለመንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚተማመኑ ከ0 እስከ 100 በመቶ የሚመልሱበትን፣ እናቴ ላይ ሞከርኩት። የመጨረሻው በበረዶ በተሸፈነ የእግረኛ መንገድ ስለመሄድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያልተለመደ ነገር ስለሆነ «ክረምት፣ የረጠበ ኮብልስቶን ላይስ?» ብዬ ቀየርኩት። «ዜሮ!» አለችኝ ሳቅ ብላ።

አምና እዚያው ኮብልስቶን ላይ አዳልጧት ወድቃለች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትታ ሶፋ ላይ መዋል ጀመረች፣ እግሯም በዚያው ሰነፈ። ስትነሳ መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ነው። ከውድቀቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የጎዳት። ምርኩዝ እንግዛልሽ ስንላት «አሮጊት ልታደርጉኝ ነው?» ትላለች። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፋ ስንት ሰዓት ትቆም የነበረች ሴት እኮ ናት! አሁን በእጇ ሳትደገፍ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ እያለማመድናት ነው፤ ሰሞኑን እስከ ግቢው በር ትሸኘኛለች።

አባቴ ደግሞ ለሁሉም ጥያቄ 100 ብለው መለሱ። በነጋታው አምፖል ሊቀይሩ በርጩማ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እንዲህ ላለውስ መተማመን ምን ትመክሩናላችሁ?